ሃምሳ ሲሆን ያለ ቅቤ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ

ሥጋና ቅቤ ለማይበላ ሰው ኢትዮጵያ ትመቻለች ይባላል። እውነት ነው፤ የምትመቸው ግን እንደ ወቅቱ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የትም ቢሄዱ የጾም ምግብ አይጠፋም። በቀረው ጊዜም ረቡዕና ዓርብ አለ። ክፉው ወቅት ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ነው። ረቡዕም ዓርብም ይበላል፤ ሁለት ወር ግድም ቅቤ የናፈቀው ኩሽናም ማንኪያውን አይሰስትም። እኛ የወጣነው በሃምሳው የመጨረሻ ሳምንት ነው፤ የተመለስነው ደግሞ የሐዋርያት ጾም በገባበት ሰኞ። ሦስት ነን፣ ሦስታችንም ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አንቀምስም። መንገዱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ የሚያደርሰው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስንቃችን ቆሎ፣ ለውዝ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ኪሎ በሶ ነበር። በሶ ለመንገድ የሚመረጠው እሳት ስለማይፈልግ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት የሻይ ብርጭቆ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ከተወደደ ትንሽ በርበሬና አንድ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ውሃው ከዱቄቱ ግማሽ ግድም ነው፤ ጠብ ጠብ እየተደረገ በእጅ ይታሻል። አንዴ ከተንቦረቀቀበት ጭብጦ መሆኑ ይቀርና ያው ተበጥብጦ መጠጣት ነው። ዳቦ ቆሎ ስትገዙ በምን እንደተለወሰ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቅቤ ገብቶበታል።

ሞጆ ቁርስ ላይ ያየነው ሰሌዳ ሁሉም ቁርስ ቤት ላይ ያለው ነው፦ ጨጨብሳ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ፣ ፉል፣ ፍርፍር፣ እንቁላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በልማዳቸው የቅቤ ናቸው። ጨጨብሳን በዘይት የሚሠሩ አሉ፤ ያኔም ማር ያፈሱበታልና ማር የማይበላ አስቀድሞ ይንገር። ፉል ባቄላ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ቅቤው የሚገባው ባቄላው ሲፈጭ ሳይሆን ሳህን ላይ ወጥቶ ሲሞቅ ነው፣ «ስፔሻል» ከተባለ ደግሞ እንቁላልና እርጎ ይደረብበታል። «ፉል በዘይት፣ ላዩ ላይ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ» ብለን አዘዝን፤ እንዳልነው መጣ። የእንጀራ ፍርፍር ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱ ቁሌቱ ነው፣ እሱን መቂ ላይ እመለስበታለሁ።

«ቪጋን ነኝ» ማለት በዚህ መንገድ ብዙም አያስኬድም። አስተናጋጁ ሥጋ የማይበላ ሰው ማለት ይመስለውና እንቁላልና አይብ ያቀርባል። «የጾም» የሚለው ቃል ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን በአንድ ጊዜ ያስቀራል፤ ለማኅበረሰቡ የዚህን ያህል ጥርት ያለ ቃል የለም። በሃምሳ ግን መልሱ «አሁን እኮ ጾም የለም!» ነው። «ቅቤ አልበላም» ሲባል ደግሞ «ትንሽ ናት ያለችው» ይመጣል። የሠራልን «ቅቤና ወተት አይስማማንም» ማለቱ ነበር። የጤና ነገር ሲሆን ሁሉም ይጠነቀቃል። አንዱ ጓደኛችን ይኼ ውሸት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ዓመታት ቅቤ ላልቀመሰ ሆድ ግን ሙሉ ለሙሉ ውሸትም አይደለም።

መቂ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፤ መንገዱ ዳር በሣጥን ተደርድሮ ይሸጣል። ምሳ ሽሮ አዘዝን፣ «ያለ ቅቤ» አልን፣ ልጅቷም «እሺ፣ ቅቤ አናደርግበትም» አለች። መጣ። ገና ሳይቀመስ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ይሸታል። ልጅቷ አልዋሸችም። እሷ ያስቀረችው መጨረሻ ላይ ከላይ የሚጣለውን ማንኪያ ነው። ምግብ ቤት ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሽንኩርት አያቁላላም፤ ጠዋት አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት ይሠራና ቀኑን ሙሉ ለሽሮውም፣ ለምስሩም፣ ለፍርፍሩም ከዚያው ይጨለፋል። በሃምሳ ያ ድስት ከጠዋቱ ቅቤ ገብቶበታል። ስለዚህ ጥያቄው «ሽሮው ቅቤ አለው?» ሳይሆን «ቁሌቱ በምንድን ነው የተቁላላው?» ነው፤ ከተቻለም ለአስተናጋጅ ሳይሆን ለወጥ ቤቷ። ከዚያ በኋላ በየቦታው «እናት፣ ከዱቄቱ ጀምረሽ በዘይት ተጋቢኖ ትሠሪልናለሽ?» እያልን ነው የሄድነው። ተጋቢኖ በትንሽ ሸክላ ለብቻው ስለሚንተከተክ ይመቻል፤ ዋጋው ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ቦዘና ሽሮ ሥጋ ያለው ነው፣ አትሳቱ።

ሳህን ላይ ቅቤን ከዘይት ለመለየት ብዙ ሰው ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን ያያል። አይታመንም። ብዙ ምግብ ቤት የሚጠቀመው የፓልም ዘይትም ይረጋልና። የሚታመነው አፍንጫ ነው፤ እሱም ቢሆን በቅመም የተነጠረ ዘይት ያሳስተዋል፣ ስለዚህ ከሽታው በኋላም ጠይቆ ማረጋገጥ ይሻላል።

ዝዋይና ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናቸውና «የጾም» የሚለው ቃል ራሱ ይላላል። አሳ በጾም የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ፤ ምግብ ቤቱ ሁለቱንም ማስተናገድ ስላለበት በያይነቱው ላይ አሳ ጉላሽ ወይም አሳ ለብለብ ጣል ያደርጋል። «የጾም በያይነቱ፣ አሳ የሌለበት» ብሎ ጨርሶ መናገር ያስፈልጋል። ሌላው ወጥመድ ድንች ጥብስ ነው። ዝዋይ ላይ ኩሽናውን ያየነው አጋጣሚ ሆኖ ነው፤ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ዘይት፣ ቀድሞ አሳው ከዚያ ድንቹ። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣና በሎሚ አዘዝን፣ ወጥ ቤቷም በአሥር ደቂቃ አደረሰችው።

እንጀራው ራሱ ሥጋት የለበትም፤ ምጣዱን ማሰሻው ጎመን ዘር ነው። ጎመኑ ግን በሃምሳ ወይ በቅቤ ነው ወይ ጎመን በሥጋ ሆኖ ይመጣል። ወቅቱ ተለወጠ አልተለወጠ ብዙ የማያሠጋው አዚፋ፣ ቀይ ሥርና የቲማቲም ሰላጣ ነው።

ሻሸመኔ ስትገቡ ሙስሊሙ ብዙ ነው። ስለ ሃምሳው ግድ የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ የምስር ሳምቡሳም በየጥጉ አለ። ሳምቡሳ የሥጋና የምስር ተብሎ በአንድ ትሪ ይደረደራልና አንዱን ቆርሶ ማየት ነው። ጃማይካ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ራስታዎቹ አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች በሰጡት 5 ጋሻ መሬት ላይ የሰፈሩት ናቸው፤ አይታል የሚሉት አመጋገባቸው ሥጋን ያርቃል፣ ብዙዎቹም ጨው አይነኩም። ለእኛ በበርበሬ ለለመድነው ምላስ አይታል ወጥ አልጫም አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ።

ሐዋሳ ያረፍነው ዘመድ ቤት ነው፣ ከምግብ ቤት የሚከብደውም ይኼው ነው። እትዬ ለእንግዳ ያዘጋጁት ቡርሳሜ ነበር፤ የሲዳማ ዋሳ (ቆጮ) በቅቤ ርሶ፣ ወተት አጠገቡ። ዋሳው ብቻውን እንሰት ነው፣ ምንም የለበትም፤ የሚለውጠው ቅቤው ነው። ያልራሰውን ለብቻ በጎመንና በዳጣ እንዲሰጡን ለመንን። «ደረቅ ቆጮ አቀረበች ልባል?» አሉ። በማግሥቱ ምሳውን እኛ እንሥራ ብለን ኩሽና ገባን፣ ከእሳቸውም ብዙ ተማርን።

የጾም ሽሮ «ቀጠነ፣ ሽታ የለውም» የሚባለው ቅቤ ስለጎደለው ሳይሆን ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይት ስለሚገባበት ነው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል። ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ውሃው መጥጦ ቡናማ እስኪመስል ይቁላላል፤ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ሲይዝ ጠብታ ውሃ። ከዚያ አንድ ስኒ ዘይት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ሽሮው ሚጥን ከሆነ በርበሬ ውስጡ አለ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ነጭ ሽሮ ከሆነ ሦስት። በርበሬው ከገባ በኋላ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየተጨመረ ሌላ 15 ደቂቃ። አሁን አንድ ሊትር ውሃ፣ ሲፈላ 150 ግራም ሽሮ። እትዬ ዱቄቱን በቀጥታ የፈላ ላይ ሲነሰንስ ያዩትን ልጅ እጁን ያዙት፦ «ይጓጉልብሃል! መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው።» ከአንዱ ሊትር ላይ ሁለት ብርጭቆ ቀንሶ በዚያ መበጥበጥ ነው። እሳት ተቀንሶ፣ ሥሩ እንዳያርር እየተማሰለ ቢያንስ 25 ደቂቃ ይንተክተክ። ዘይቱ ከላይ ነጠል ብሎ ሲወጣ ደርሷል፤ ከዚያ በፊት የወጣ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ጨው መጨረሻ ላይ።

የቅቤውን ጠረን የሚተካው የተነጠረ ዘይት ነው። አንድ ሊትር ዘይት በስስ እሳት ላይ፦ አንድ ራስ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ ማንኪያ አብሽ። ሽንኩርቱ ጫጫታውን እስኪያቆም 25 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ መንጫጫቱ ውሃ አለኝ ማለቱ ነው። ኮሰረትና በሶብላ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ ይገባሉ፤ ቀድመው ከገቡ ያርራሉ፣ የአብሽ ማረር ደግሞ ድስቱን በሙሉ ያመርራል። በጨርቅ ተጠልሎ ፍሪጅ ውስጥ። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ውጭ አይቀመጥም፣ በአራት ቀን ውስጥም ይለቅ። ለአንድ ድስት ሽሮ ከእሳት ሲወርድ ሁለት ማንኪያ ነው። እትዬ ቀምሰው ዝም አሉ፤ ከዚያ ጠርሙሱን አሽትተው ኮሰረት ጨመሩበት።

ተልባም አንድ ቀን ሠርተናል። ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ የሚበጠበጠው እንጀራው ሊፈተፈትበት ሲል ብቻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከቆመ ይዝለገለጋል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ለሚበላ ግን ሽሮም ተልባም ቪታሚን ቢ12 አይሰጡም። ጾመኛው በፍስክ ቀን ያገኘዋል፣ እኛ ከፋርማሲ ነው፤ እንክብሉ ከቆሎው ጋር በአንድ ቦርሳ ነበር።

ሰኞ ስንመለስ መቂ እዚያው ቤት ገባን። የሐዋርያትን ጾም ብዙ ሰው «የቄስ ጾም» እያለ ስለሚያልፈው ተስፋችን ትንሽ ነበር። ልጅቷ አስታወሰችን። «ዛሬ ሁለት ቁሌት ነው ጋሼ፤ ትንሹ ድስት የዘይት ነው» አለች። ማንኪያውስ አልናት። ቆም ብላ ወደ ኩሽና ዞረች፣ «እማማ፣ ጭልፋው አንድ ነው እንዴ?» ስትል ሰማን።