የማሞቂያ ቢላችንን ያናረውን ነገር እንዴት እንዳገኘሁት

ጃንዋሪ 2025 ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች ከባድ ወር ነበር። ብርዱ ከመበርታቱ የተነሣ የፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ እንኳ ከደጅ ቀርቶ ካፒቶል ውስጥ ነው የተፈጸመው። ስለዚህ የመብራት ቢላችን እንደሚጨምር ጠብቀን ነበር። የመጣው ግን ከጠበቅነው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ብርድም ሙቀትም በሌለበት ወር 130 ዶላር ገደማ የምንከፍልበት ቤት 610 ዶላር ጠየቀን።

የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ጋዝ በሌለው ታውንሃውስ ነው። ሁሉም ነገር በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። አሮጌው ማሞቂያ ሲሞት አዲስ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከደጅ አየር ሙቀት እየለቀመ ቤት የሚያሞቅ ማሽን፣ አስገባን። የገጠመልን ድርጅት አብሮ «ስማርት» የሚባለውን ቴርሞስታት፣ ማሞቂያውን የሚያዘውን የግድግዳ መቆጣጠሪያ፣ ሰቀለልን። በስልክ ይታዘዛል፣ ሰው ሲወጣ ያውቃል፣ ልማዳችሁን እያየ ገንዘብ ይቆጥብላችኋል ተባልን።

ይህን የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያና ዉድብሪጅ ብዙ ወገኖቻችን እንደዚሁ ዓይነት ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። ቢል ሲንር ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ስትተኙና ስትወጡ ሂተሩን ቀንሱት። ጋዝ ላለው ቤት ምክሩ ደኅና ነው። እኛ ቤት ግን ቢሉን ካናሩት ነገሮች አንዱ እሱው ራሱ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ምንም ነገር አልነካሁም። አንድ ነገር ከነካሁ የቱ እንደሠራ የቱ እንዳልሠራ ማወቅ አልችልም። የመብራት ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቼ ገባሁ። አዲሶቹ ቆጣሪዎች መረጃውን ራሳቸው ስለሚልኩ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ስንት ኪሎዋት ሰዓት (ቢሉ የሚሰላበት የመብራት መለኪያ) እንደተቃጠለ እዚያ ላይ ይታያል። ቢሉ ላይ ያለው አንድ ድምር ምንም አይነግራችሁም። ይህ ሰንጠረዥ ግን ብዙ ይናገራል።

ብርዱ ለስለስ ባለባቸው ቀናት ሌሊቱን ሙሉ በሰዓት 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚሄደው። ከዚያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ድንገት ወደ 12 ይዘላል። ይወርድና ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ እንደገና ይዘላል። በጣም በሚበርድባቸው ቀናት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሌሊቱም ቀኑም በሰዓት 6 እና 7 እያለ ሳይወርድ ይቀጥላል። ሦስት የተለያዩ መልኮች ናቸው፤ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶችም ነበሯቸው።

ከሁሉ በፊት ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ነበረብኝ። ሂት ፓምፕ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከደጅ ወደ ውስጥ ያመጣል። የበረደ አየር ውስጥም ሙቀት አለ። ውጭ የቆመው ማሽን ያንን ለቅሞ ያስገባል። ስለዚህ 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልቶ፣ እንደ ብርዱ መጠን፣ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት ይሰጣል። በጣም ጥሩ ማሽን ነው፤ በዚህ ሁሉ ጣጣ መሐልም አልተጸጸትኩበትም።

ነገር ግን አጠገቡ ረዳት አለው። ቱቦው ውስጥ የተገጠመ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግል ሽቦ ነው። ስክሪኑ ላይ «ኦክስ ሂት» ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ 1 ብቻ ነው የሚሰጠው። የእኛው 10 ኪሎዋት ነው፤ አገር ቤት የምናውቀው ትልቅ ምጣድ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ ወደ ሦስት ምጣድ በአንዴ ተጥዷል እንደማለት ነው። አንድ ሰዓት ሲሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። እኛ ሁሉም ነገር ተደምሮ ለአንዱ 18 ሳንቲም ገደማ እንከፍላለን። ስለዚህ በሰዓት 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። በቀን ለ7 ሰዓት ቢሠራ በወር 380 ዶላር ያህል እሱ ብቻውን ወሰደ ማለት ነው። ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፑ ቢያመጣው ኖሮ ወጪው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይሆን ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ ረዳቱን ማን ነው የሚያስነሣው? የሚያስነሣው ቴርሞስታቱ ነው። ያውም ለማንም ሳይናገር። ስክሪኑ ላይ የምትወጣው ትንሽ ጽሑፍ በአጠገቡ ካላለፋችሁ አትታይም።

የንጋቱ ዝላይ ቀላሉ ነበር። ቴርሞስታቱ አብሮት በመጣው «ቆጣቢ» ፕሮግራም ማታ 4 ሰዓት ላይ ቤቱን ወደ 62 ፋራናይት (በሴልሺየስ 17 ገደማ) ያወርዳል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ 70 (በሴልሺየስ 21 ገደማ) ይሁን ይላል። ሂት ፓምፕ ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቀው። 8 ዲግሪ ለመውጣት ሰዓታት ይፈልጋል። ቴርሞስታቱ ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን ሲያይ አይታገሥም፤ ረዳቱን ይጠራል። ሌሊት የተቆጠበው ንጋት ላይ ከነወለዱ ይከፈላል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤትም ለሂት ፓምፕ ሙቀቱን አለመለዋወጥ፣ አንድ ቦታ ላይ ማቆየት እንደሚሻል ይመክራል። ይህን ምክር ማሽኑ ሲገጠም ማንም አልነገረንም።

የረፋዱን ዝላይ ያገኘሁት ግን ከሰንጠረዡ አይደለም። የነገረችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ልጃችንን ልትይዝልን ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ነበረች። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ ፎቅ ላይ አልጋው ዳር ተቀምጣለች። ሁለት ጋቢ ደራርባለች። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሦስተኛው ሸፍናዋለች። ቤቱ ቀዝቅዟል።

«እማዬ፣ ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ሥራ ላይ ናችሁ ብዬ ነዋ ልጄ። ደግሞ ይኼ ማሽናችሁ እናንተ ስትወጡ ነው የሚያኮርፈው። እናንተ ካላችሁ ደኅና ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ቴርሞስታቱ የሚያውቀው የእኔንና የባለቤቴን ስልክ ነው። ሁለቱ ስልኮች ከሰፈር ሲርቁ «ቤቱ ባዶ ነው» ይልና ወደ 60 ያወርደዋል፤ በሴልሺየስ 16 አይሞላም። የእናቴን ስልክ አያውቀውም። ሰው ሲያልፍ የሚያይ ዓይን አለው ተብሎ ነበር፤ ግን የተሰቀለው ታች ኮሪደሩ ላይ ነው። እሷና ሕፃኑ የሚውሉት ፎቅ ነው። በእሱ ቤት ሁለቱም የሉም።

እናቴ ብርዱ ሲብስባት ወርዳ እስከ 80 ትጨምረዋለች። ረዳቱ ይነሣል። እሱም እስኪደርስ የሚሰካውን ትንሽ ሂተር ትከፍታለች፤ እሱ ደግሞ 1,500 ዋት ነው። ማንም ሰው ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር። ከቢሉ ሁሉ በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። ገንዘብ ይቆጥባል የተባለ ዕቃ አንዲት አያትንና ሕፃን የልጅ ልጇን ከሰው ሳይቆጥር ሲያበርዳቸው ከርሟል።

«ከሰል አቀጣጥዬ ላስገባ አስቤ ነበር» ስትለኝ ደግሞ በጣም ደነገጥኩ። እዚህ ያሉ ቤቶች ጥብቅ ብለው የተዘጉ ናቸው። የከሰል ጭስ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ወላጅ የሚመጣላችሁ ሰዎች ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። ለቡናም ቢሆን።

ሦስተኛው፣ በጣም በሚበርድባቸው ቀናት ቀንና ሌሊት የማይወርደው፣ ትልቁ ነበር። ቴርሞስታቱ ውስጥ ለባለሙያ ተብሎ የተቀመጠ የማስተካከያ ገጽ አለ። መመሪያውን አንብቤ ገባሁበት። ምንም ከመለወጤ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ይህን ሳታደርጉ እዚያ አትግቡ። አንድ መስመር ላይ፣ ውጭ ያለው ማሽን የሚሠራበት ዝቅተኛው የደጅ ሙቀት 35 ተብሎ ተሞልቷል። 35 ፋራናይት በሴልሺየስ 2 ገደማ ነው። ደጅ ከዚያ ሲወርድ ሂት ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ ቤቱን የሚያሞቀው ሽቦው ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ያ ጃንዋሪ ደግሞ ሌሊት ሌሊት 20ዎቹ ውስጥና ከዚያም በታች ነበር። የገዛነው ማሽን መመሪያ ከዚያ እጅግ በታች እንደሚሠራ ይናገራል። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ማሽን፣ በጣም በፈለግነው ሌሊት ሁሉ ደጅ ላይ ዝም ብሎ ቆሟል።

ድርጅቱን ደውዬ ጠየቅኩ። ቁጥሩ አብሮት የመጣው እንደሆነና ማንም እንዳልነካው ነገሩኝ። ይቅርታም አልጠየቁ። ቢያንስ ልለውጠው እንደምችል፣ ማሽኑንም እንደማይጎዳ በኢሜል እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩና ጻፉልኝ። ዋስትናው እንዳይበላሽ ያ ወረቀት ያስፈልጋል።

ከዚያ ቁጥሩን ማሽኑ መመሪያ ላይ ወደሚፈቅደው አወረድኩት። ረዳቱ ደጅ ከ30 በላይ ከሆነ እንዳይነሣ አደረግሁ። ፕሮግራሙን ሰርዤ ሌሊትም ቀንም 68 ላይ አቆምኩት። ስልክ እየተከተለ «ሰው የለም» የሚለውን ነገር አጠፋሁት። ሙቀት የሚለካ ተጨማሪ ትንሽ ሴንሰር ገዝቼ እናቴ ክፍል አስቀመጥኩና ቴርሞስታቱ ቀን ቀን የዚያን ክፍል ሙቀት እንዲከተል አደረግሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ የረዳቱን ብሬከር ጭራሽ አጥፋው ብለውኝ ነበር። አላደረግሁትም። ደጅ ያለው ማሽን በረዶ ሲይዘው ራሱን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይሠራል፤ ያኔ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ አየር እንዳይነፋ የሚያግዘው ረዳቱ ነው። በዚያ ሰዓት ከማሽኑ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ይላል። እናቴ በመስኮት አይታ «ማሽኑ ተቃጠለ!» ብላ ጮኻለች። ጤነኛ ነገር ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከጋዝ ቤት ለመጣ ሰው ሂት ፓምፕ የሚነፋው አየር ለብ ያለ ነው የሚመስለው። እጃችሁን ቀዳዳው ላይ ስታደርጉ «ይኼ ነገር አይሠራም» ያሰኛል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ቴርሞስታቱን «ኢመርጀንሲ ሂት» ላይ ያደርገዋል። ያ ማለት ሂት ፓምፑን አጥፍቶ በሽቦው ብቻ መኖር ነው። መለኪያው የቤቱ ሙቀት ነው እንጂ የቀዳዳው አይደለም።

የሚቀጥለው ቢል 300 ዶላር አልሞላም። ቤቱም ከበፊቱ ይልቅ ሞቀ። እናቴ ጋቢዋን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ መለሰች።

የጃንዋሪውን 610 ግን ማንም አልማረንም፤ በየወሩ ከፋፍለን እንድንከፍል ብቻ የመብራት ኩባንያው ተስማማ። ደውላችሁ ካልጠየቃችሁ ይህም አይቀርብላችሁም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች በስቴቱ የኢነርጂ እርዳታ ቢሮ በኩል ለማሞቂያ ድጋፍ ማመልከት ይችላሉ፤ ተከራይም ቢሆኑ። ትልልቆቹ የሜሪላንድ መብራት ኩባንያዎች ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቤት መጥቶ የሚያይ ሰው ይልካሉ። እኛ ጋ የመጣው ልጅ ከቤዝመንቱ በር ሥር የሚገባውን ነፋስ አሳየን።

ቢሉን ስታነቡ አንድ መስመር አትዝለሉ። ሜሪላንድ ውስጥ መብራቱን የሚያቀርበው ኩባንያ ከሚያደርሰው የተለየ ሊሆን ይችላል። በር እያንኳኩ «ዋጋ እንቀንስላችሁ» እያሉ የሚያስፈርሙ ሻጮች አሉ። የሰፈራችን ጋሼ አንዱ እንዲህ ፈርመው ቆይተዋል፤ ቢላቸው የናረው በዚህ ነው እንጂ ማሞቂያቸው ምንም ችግር አልነበረበትም። ቢሉ ላይ ለማነጻጸሪያ የተጻፈውን የኩባንያውን መደበኛ ዋጋ ከሚከፍሉት ጋር አስተያይተን ነው ያወቅነው።

ዋጋው ራሱ መጨመሩም እውነት ነው። በ13 ስቴቶች (በአንዳንዶቹ በከፊል) እና በዲሲ የኃይል መረቡን የሚያስተዳድረው ፒጄኤም የሚባለው ድርጅት ለ2025/26 ባካሄደው ጨረታ፣ የኃይል ማመንጫዎች በሚፈለጉበት ሰዓት ዝግጁ እንዲሆኑ የሚከፈላቸው «የአቅም ዋጋ» በአብዛኛው የመረቡ ክፍል በሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ነው የዘለለው። ከጁን 2025 ጀምሮ ቢላችን ውስጥ ገብቷል። እሱን እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ማስተካከል አልችልም። ስለዚህ በእጄ ያለውን ኪሎዋት ሰዓት ነው የምከታተለው፤ ብርድ ሲጀምር በየሳምንቱ ሰንጠረዡን አያለሁ፣ የማሞቂያውን የአየር ፊልተር እቀይራለሁ፣ በረዶ ሲጥል ደጅ ያለውን ማሽን ዙሪያውን እጠርጋለሁ።

ተከራይ ከሆናችሁ የባለሙያውን ገጽ ራሳችሁ አትንኩ። ደጅ 40 ሆኖ፣ ቤቱም የሚፈለገው ሙቀት ላይ ደርሶ ስክሪኑ «ኦክስ ሂት» ካለ ፎቶ አንሡት። ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ከየሰዓቱ ሰንጠረዥ ጋር አድርጋችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ ላኩለት፤ ቴክኒሻን እንዲልክና የሂት ፓምፑንና የረዳቱን የደጅ ሙቀት ቁጥር እንዲያስተካክል ለይታችሁ ጠይቁ።