ኮምፓይለሩ ዝም ሲል ፍሩ

ዘንድሮ ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ ፕሮግራሚንግ በሲ ፕላስ ፕላስ ለምትጀምሩ። መጀመሪያ የሚያስደነግጣችሁ ኮምፓይለሩ (የጻፋችሁትን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው የሚተረጉመው ፕሮግራም) ስክሪኑን የሚሞላበት ኤረር ነው። ከሁሉም በላይ ያለውን ብቻ አስተካክላችሁ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ፤ የቀሩት ብዙውን ጊዜ አብረውት ይጠፋሉ። የተጠቆመው መስመር ላይ ጥፋት ካጣችሁ ከእሱ በላይ ያለውን እዩ፤ የተረሳችው ሴሚኮለን ( ; ) እዚያ ትገኛለች።

ማርክ የሚበላው ግን ምንም ኤረር ሳያሳይ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ወደ ዘጌ ለመሻገር የተከራያችሁት ጀልባ 1000 ብር ቢሆንና ለሦስት ብትካፈሉት፣ 1000 / 3 የሚሰጣችሁ 333 ነው። ሦስታችሁም ከፍላችሁ 999፤ ባለጀልባው አንድ ብር ጎደለው። ሁለቱም ቁጥሮች ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ስለሆኑ ከነጥብ በኋላ ያለው ተቆርጦ ይጣላል። ውጤቱን ነጥብ ያለው ቁጥር በሚይዘው ዳብል ውስጥ ማስቀመጥም አያድንም፣ ቁጥሩ የሚቆረጠው እዚያ ከመድረሱ በፊት ነውና። 1000.0 / 3 በሉት።

ሁኔታ በሚፈትሸው ኢፍ ውስጥ == መጻፍ ሲገባችሁ = ከጻፋችሁ ማወዳደሩ ቀርቶ በስተቀኝ ያለው ቁጥር በስተግራ ባለው ቫርያብል (ቁጥር የሚቀመጥበት ስም) ውስጥ ይገባል፤ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ በቀር ኢፉ ሁልጊዜ እውነት ይሆናል። ሥራ ከሚደጋግመው ፎር ቅንፍ ቀጥሎ ሴሚኮለን ( ; ) ከገባች ሉፑ (ድግግሞሹ) ባዶውን ይዞራል፣ ከሥሩ ያለው ሥራም አንዴ ብቻ ይሠራል። ድምር የሚይዘውን ቫርያብል ከዜሮ ካላስጀመራችሁት ሜሞሪ ውስጥ በተገኘው ቁጥር ላይ ይደምራል። አምስት ቦታ ያለው አሬይ (በአንድ ስም የተደረደሩ ቦታዎች) ከ0 እስከ 4 ነው የሚቆጠረው፤ ሉፑን i <= 5 ብትሉ የእናንተ ያልሆነ ቦታ ትነካላችሁ። አስቸጋሪው ነገር አንዳንዴ ትክክል መስሎ መሥራቱ ነው፤ ያን ቀን ክራሽ ቢያደርግ ይሻል ነበር።

እንዲህ ያለውን የሚይዘው ወረቀት ነው። (መብራት ሲጠፋም ይሠራል።) ለእያንዳንዱ ቫርያብል አንድ ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ረድፍ አስምሩ። i ከ1 ተነሥቶ i <= 4 እስከሆነ ድረስ ድምሩ ላይ ቢጨመር፣ የድምሩ ዓምድ 1፣ 3፣ 6፣ 10 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አንድ ረድፍ ጨምሩ፤ i 5 ይሆናል፣ ሁኔታው ሐሰት ይሆናል፣ ሉፑ ያኔ ነው የሚቆመው። i ከሉፑ በፊት የታወጀ ከሆነና ፈተናው ከሉፑ በኋላ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ከጠየቀ፣ መልሱ 5 እንጂ 4 አይደለም።