ዲ ላይ የተቀመጠ ኮድ የማን ነው?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ላብ አሲስታንት ነኝ። የላባችን ኮምፒውተሮች ዲፕ ፍሪዝ ተጭኖባቸዋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ድራይቭ ሲን፣ ማለትም ዊንዶውስና ዴስክቶፑ ያሉበትን የዲስክ ክፍል፣ እንደነበረ የሚመልስ ሶፍትዌር ነው። ቫይረስ ገባ፣ ሴቲንግ ተበላሸ፣ አንዴ ሪስታርት ይበቃል። ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን የተማሪው ሥራም አብሮ ይጠፋል፣ መብራት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ዴስክቶፕ ላይ ሲሠራ ያመሸ ልጅ መብራት ሲመለስ ባዶ ስክሪን ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ሁሉም ፋይሉን በሌላው የዲስክ ክፍል፣ በድራይቭ ዲ ላይ ያስቀምጣል፣ ዲፕ ፍሪዝ ዲን አይነካማ። ነገር ግን ተማሪው በሙሉ የሚገባው በአንድ አካውንት ነው። ዲ ላይ ያለ ፎልደርን ማንም ይከፍተዋል፣ ማንም ይወስደዋል።

አንድ ሴሚስተር መጨረሻ ላይ የጃቫ ፕሮጀክት ሲታረም ሁለት ተማሪዎች ያስገቡት ኮድ አንድ ሆኖ ተገኘ። የቫሪያብሎቹ ስም ተቀይሯል፣ ኮሜንቱ ተሰርዟል፣ ግን አስተማሪው ሞስን ነው የሚጠቀመው። ሞስ አሌክስ አይከን እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው፣ ዛሬ ከስታንፎርድ ሰርቨር ላይ ለአስተማሪዎች በነጻ የሚሠራ የኮድ ማመሳከሪያ ነው። ስም በመቀየር አይታለልም። ማን ከማን እንደቀዳ ግን አይናገርም። የሚለው «እነዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ» ብቻ ነው፣ ቀሪው የሰው ሥራ ነው።

የኮርስ አውትላይኑ ደግሞ የሰጠም የተቀበለም ዜሮ ያገኛል ይላል። ሁለቱም ዜሮ ተሰጣቸው።

አንደኛዋ ከመንዝ የመጣች ልጅ ናት። ላፕቶፕ የላትም። በዚያ ብርድ ጋቢዋን ደርባ ላቡ እስኪዘጋ ከሚቆዩት አንዷ ነበረች፣ ስለዚህ ስትሠራ በዓይኔ አይቻታለሁ። መጥታ «ቲቸር፣ እኔ ለማንም አልሰጠሁም፣ ዲ ላይ ነው ያስቀመጥኩት» አለችኝ። ከዚያ የባሰው ነገር፣ ግሬድ ላይ ቅሬታ ማቅረብ እንደሚቻል አለማወቋ ነው። «ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል ብዬ ነው» አለች። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሴኔት ሌጂስሌሽን የሚባል ደንብ አላቸው። ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ፣ ኩረጃ ሲባል ምን እንደሚከተል እዚያ ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ ግን እውነት ይዘህም አይሰማህም። ማመልከቻዋን የዚያኑ ዕለት ጻፈች።

ያዳናት ሌላው ነገር ከእሷ በላይ ያለች ተማሪ ጊት፣ ማለትም የኮድን ለውጥ ደረጃ በደረጃ የሚመዘግብ ሶፍትዌር፣ አስተምራት መገኘቷ ነው። ሥራዋን በየጊዜው ጊትሃብ በሚባል የኢንተርኔት የኮድ ማከማቻ ላይ፣ ለሌላ ሰው በማይታይ ሪፖዚቶሪ (የፕሮጀክት ማህደር) ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ቅሬታዋን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ሲከፈት ኮዱ እንዴት እንዳደገ ይታያል። መጀመሪያ ባዶ ክላስ፣ ቀጥሎ የማይሠራ ሎጊን፣ ቀጥሎ የተስተካከለ ሎጊን፣ እንዲህ እያለ።

አንድ የኮሚቴ አባል ግን ተገቢ ጥያቄ አነሱ። ጊት ቀኑን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነው፣ ሰዓት ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ይባስ ብሎ ጥቂቶቹ ኮሚቶች (ጊት የመዘገባቸው ለውጦች) ላይ የሚታየው ቀን ጃንዋሪ 2009 ነው፣ ልጅቷ ገና ፊደል ባልቆጠረችበት ዘመን። እዚህ ላይ ነው እኔ የተጠራሁት። ያቺን ኮምፒውተር አውቃታለሁ። ሰዓቷን የሚያስቆጥረው የማዘርቦርዷ ባትሪ ሞቷል፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቷ ወደ ድሮ ይመለሳል። ሰዓቱ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ የጊትሃብን ሰርተፊኬት አልቀበል ይላል፣ ፑሽ ማድረግ፣ ማለትም ሥራውን ወደ ጊትሃብ መላክ፣ አይቻልም። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ይጠሩኛል፣ ምክንያቱም ሰዓት ለመቀየር የአድሚን ፓስወርድ ያስፈልጋል። ፑሹ የደረሰበት ሰዓት ግን የሚመዘገበው በጊትሃብ ሰርቨር ነው፣ እሱን ተማሪ ሊነካው አይችልም። የሪፖዚቶሪውን አክቲቪቲ ገጽ ከፍተን አየነው። ሥራው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ የገባ ነው።

ከዚያ አስተማሪው ሁለቱንም ለየብቻ አስቀምጦ አንድ ትንሽ ለውጥ እንዲሠሩ ጠየቃቸው። እሷ ወዲያው ሠራችው። ልጁ የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት አላወቀም፣ በመጨረሻም ዲ ላይ እንዳገኘው ተናገረ። የእሷ ውጤት ተመለሰ፣ የእሱ ዜሮ ጸና። ለእሱም አዝኛለሁ፣ ከልቤ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፣ እዚያ ደግሞ ድራይቭ ዲ የለም። ያልገባውን ቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ እኔም ሌሎች ልጆችም ነበርንለት።

አሁን በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ላብ ጥቂት ደቂቃ ወስጄ ይህን አሳያለሁ። የግል ሪፖዚቶሪ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ጊትሃብ ላይ በነጻ ነው። በተማሪ መታወቂያ ደግሞ የጊትሃብን የተማሪዎች ፓክ፣ ማለትም ለተማሪ በነጻ የሚሰጡ መሣሪያዎችን ጥቅል፣ መጠየቅ ይቻላል፣ የጄትብሬይንስ የኮድ መጻፊያ ሶፍትዌሮችም ለተማሪ ያለክፍያ ናቸው። ኢንተርኔት የለም ማለትም ምክንያት አይሆንም፣ ኮሚት ያለ ኢንተርኔት ይደረጋል፣ ፑሹ ኢንተርኔት ሲገኝ ይደርሳል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ላብ ውስጥ ጊትሃብ ስትገቡ ዊንዶውስ አካውንታችሁን ያስታውሳል፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ በእናንተ ስም መግባት ይችላል። ዊንዶውስ የሚያስታውሰው ነገር ያለው ሲ ላይ ስለሆነ ስትወጡ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት፣ ዲፕ ፍሪዝ ይጠርገዋል። ዲ ላይ ያለውን ፎልደር ግን ፑሽ አድርጋችሁ ራሳችሁ አጥፉት።

የዚያች ኮምፒውተር ባትሪ ተቀይሯል። ለእያንዳንዱ ተማሪ የየራሱ አካውንት እንዲከፈት ለትምህርት ክፍሉ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ሰርቨሩ አለ፣ የቀረው ፈቃድ ነው፣ እስኪሰጥም መጠየቄን አልተውም።