ቀጥ ያለው ስፌት

ከአዲስ አበባ የመጣችው የሪፈር መልስ ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለች። «የቀድሞው ስፌት ንጹሕ ነው፤ ግን» ትላለች። ከ«ግን» በኋላ ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በገና ዕለት ነው። መንዝ ላይ ገና ያለ ዱላ አይከበርም። ከሰዓት በኋላ አንድ የ11 ዓመት ልጅ በአያቱ ጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። ዱላው የቀኝ ዓይኑን ቆብ ከአፍንጫው በኩል፣ ልክ ማዕዘኑ ላይ ሰንጥቆታል። ዓይኑ ራሱ ደህና ነው። አብሯቸው የመጣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» እያለ ይስቃል። ልጁ ግን በጣም ተቆጥቷል።

ተረኛው ጤና መኮንን እኔ ነበርኩ። ቀጭን ክር በመከራ ተገኘና ሰፋሁት። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ስፌት። ከእንባ ቀዳዳው ወደ አፍንጫ ያለፈ ቁስል ሲያጋጥም መጀመሪያ የእንባው ቱቦ ተቆርጦ ይሆናል ብሎ መጠርጠር እንደሚገባ ተምሬያለሁ። አልጠረጠርኩም። ቱቦው የተረፈው በእኔ ችሎታ ሳይሆን በዱላው ቸርነት ነው።

በማግስቱ አለቃችን ስፌቱን ፎቶ አንስቶ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፈው። «ባለሙያ ማለት ይህ ነው!» እኔም ፎቶውን ማታ ማታ አየው ነበር፤ ምን ይደበቃል።

በሰኔ ተመልሰው መጡ። ከላይኛው ቆብ ወደ ታችኛው አንድ የቆዳ ገመድ ተወጥሯል። ማዕዘኑ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋ ተሸፍናለች። ዓይኑ አጥሮ ወደ አፍንጫው የሚያይ ይመስላል። ትምህርት ቤት «ሸውራራው» ይሉታል። ባትሪ አበራሁበት፤ ብርሃኑ ሁለቱም ብሌኖች መሐል ላይ አረፈ። ሸውራራ አይደለም። ያሸወረረው የእኔ ስፌት ነው።

አያቱ ዕድሜ ልካቸውን ሱፍ የፈተሉ ሴት ናቸው። ጣታቸውን ገመዱ ላይ አሳርፈው፣

«ልጄ፣ አጥብቀህ ስበኸዋል። ባናም ቢሆን ክሩን ከሳብከው ይሰበሰባል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያ ቦታ ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰፋ ጠባሳ ሲኮማተር አቋራጭ ይፈልጋል፤ እንደ ደጋን ጅማት ይወጠራል። እኔ መጽሐፍ ማገላበጥ ነበረብኝ። እሳቸው በጣታቸው ጨረሱት።

የጓንት ካርቶን ቀድጄ ዚ-ፕላስቲ የሚባለውን ሳልኩላቸው። ገመዱ በዜድ ፊደል ቅርጽ ይቆረጣል፤ ሁለቱ የቆዳ ሦስት ማዕዘኖች ቦታ ይለዋወጣሉ። ማዕዘናቸው 60 ዲግሪ ከሆነ፣ በስሌት ደረጃ ርዝመቱ በ75 በመቶ ያህል ይጨምራል። ውጥረቱም ይላላል። ካርቶኑን አገላብጠው አዩት።

«ይህን ታውቅ ኖሯል?»

«ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፣ እማማ።»

«አሁንስ?»

«አሁን… በወረቀት አውቃለሁ።»

«ታዲያ አዲስ አበባ ምን ወሰደን? የቋጠረ ይፍታ!»

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አመኑኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ እጄን በላኝ። ደግነቱ ያ ቀጭን ክር አልቆ ነበር። ሪፈር ጻፍኩ።

የሰኞው ስብሰባ ላይ የልጁ ጉዳይ ተነሣ። አለቃችን መነጽሩን አውልቆ «ለመሆኑ ይህን የሰፋው ማነው?» አለ። ቤቱ ዝም አለ። ስልኬን ከፍቼ ግሩፑን ወደ ላይ ሳብኩት። ፎቶው የለም። ጠፍቷል።

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪም ጠባሳው እስኪበስል በጣት እያሹ እንዲቆዩ አድርገው በጥቅምት ሠሩለት። ልጁ ተመልሶ ሲያወራ ስለ ቀዶ ጥገናው ምንም አላለም። የገረመው ሌላ ነው። በእንባ ቀዳዳው ጨው ያለው ውኃ በቀጭኑ ገፍተው «ጉሮሮህ ምን ምን አለህ?» ብለውታል። «ጨው ጨው!» ሲል ሐኪሟ ሳቁ። ቱቦው ክፍት ነው ማለት ነው። እኔ ከ10 ወር በፊት ልሠራው የሚገባ ነገር በአንድ መርፌ ውኃ አለቀ።

ታኅሣሥ ላይ አያቱ ሊያሳዩኝ አመጡት። ማዕዘኑ እንደ ግራው ሾል ብሏል፤ ቀይዋ ሥጋ ወጥታለች። አዲሱ ጠባሳ ገና ቀልቷል፤ ወዲህና ወዲያ ይታጠፋል። አያቱ አንገቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ዓይኑስ ዓይን ሆነ። ስፌቱ ግን ጠማማ ነው። ያንተው ይሻል ነበር» አሉኝ።

ማስረዳት ነበረብኝ። ጠማማነቱ ነው ያዳነው ማለት ነበረብኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኩ።