ቅቤ ስታነጥሩ ድምፁን አዳምጡ

ከአገር ቤት ቅቤ ይዛችሁ ወደ ጀርመን አትምጡ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ለጋም ይሁን ንጥር ለውጥ የለውም። የእኔ 2 ኪሎ ጉምሩክ ላይ ቀረ። እስካሁን የሚቆጨኝ «ከነጠረ ያሳልፋሉ» ሲሉኝ ሳላጣራ ማመኔ ነው።

እዚህ በ250 ግራም ከሚሸጠው ቅቤ ማሸጊያው ላይ «ዛወርራምቡተር» የሚለውን፣ ጨው የሌለበትን ውሰዱ። ከኮመጠጠ ክሬም የተናጠ ስለሆነ ከእርጎ ለሚናጠው ለእኛ ቅቤ የሚቀርበው እሱ ነው። ካልኮመጠጠ ክሬም የሚሠራው «ዙስራምቡተር» የፈለገ ቅመም ቢገባበት ባዶ ባዶ ይላል።

ለ1 ኪሎ፦ ኮሰረት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ በሶብላ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የ6 ኮረሪማ ፍሬ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እርድ ግማሽ። ፍሬ ፍሬውን አመስ አድርጋችሁ ሸክሸክ አድርጉት፤ ከላመ ያርራል፣ በሻሽም ያልፋል። ኮሰረት ያጣ ሰው ኦሬጋኖ ይጨምራል፤ ይቅርባችሁ፣ ያለ ኮሰረት ይሻላል። ሄልም የኮረሪማን ቦታ አይሞላም።

ቅቤውን በወፍራም ድስት፣ በለስላሳ እሳት አቅልጡት። ነገር የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዬ በ3ኛው ሳምንት ሻገተ። ክዳኑ ሥር አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበር፤ ያን ጠርጌ በማንኪያ ወደ ታች ስቆፍር ከሥሩ ነጣ ያለ፣ የኮመጠጠ ውሃ ተኝቶ አገኘሁ። ሙሉውን ጣልኩት። የሱቅ ቅቤ እስከ 16 በመቶ ውሃ አለው፤ ከ1 ኪሎ 160 ግራም ያህል ውሃ መውጣት አለበት ማለት ነው። «አረፋው ሲጠፋ አውርጂው» ተብዬ ነበር። እኔ ግን አረፋውን እየገፈፍኩ ስለነበር ላዩ የጠራ መሰለኝ፤ ውሃው ከታች ገና አላለቀም። በዚያ ላይ በደንብ ያልደረቀ ማሰሮ ውስጥ በትኩሱ ገልብጬ ከደንኩት። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ቅቤው ላይ ተንጠባጠበ።

ስለዚህ አረፋ አትግፈፉ፤ ድምፁን አዳምጡ። ውሃ እስካለ ድረስ ቅቤው ጮክ ብሎ ይንተከተካል፣ አረፋውም ትልልቅ ነው። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ወደ ቀጭን ሲርታ ይወርዳል፣ አረፋው የመርፌ ራስ ያህላል፣ ዝቃጩ ወርቅማ ይሆናል። ቀዝቃዛ ማንኪያ ከላዩ ብትይዙ ጤዛ አያወጣም። ቴርሞሜትር ካላችሁ ውሃ እስካለ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቆይና ከዚያ ይወጣል፤ እኔ 115 ላይ አጠፋለሁ። በእኔ ምድጃ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ፍሬ ፍሬውን ድምፁ መቀነስ ሲጀምር፣ ኮሰረትና በሶብላን መጨረሻ 5 ደቂቃ ላይ ጨምሩ። ስታጠፉ ድስቱን ከምድጃው አንሱት፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢጠፋም ትኩሳቱ ይቆያል፣ ዝቃጩም በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይመራል።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አልጨምርም። የለመደ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ ነገር ግን እርጥብ ሽንኩርት ቅባት ውስጥ፣ አየር ሳያገኘው፣ ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቻል። ካስፈለገ ወጡ ሲሠራ ይገባል።

10 ደቂቃ ይረፍ፤ በድርብ ሻሽ አጥልሉት፣ አትጭመቁት። ማሰሮውን ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ 15 ደቂቃ አድርቁ፤ ቅቤው እስኪበርድም ክዳን አይንካው፣ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ከ1 ኪሎው 800 ግራም ያህል ይወጣል።

ሻሹ ላይ የቀረውን አትጣሉት። ከቱርክ ሱቅ በገዛሁት ወፍራም ቡልጉር ቂንጬ እሠራና ከእሳት እንደወረደ በእሱ እለውሰዋለሁ፤ በትኩሱ ሲበላ ኮሰረቱ ጥርስ ሥር ይገኛል።