ዝምድናና ሽንኩርት፦ ከሮስኮፍ እስከ ሎሪያን

ከፓሪስ ወደ ብረታኝ (የፈረንሳይ ምዕራባዊ ክፍል) የሚሄደው ባቡር ከሞንፓርናስ ጣቢያ ይነሳል። በጣቢያው ዙሪያ ያሉት መንገዶች ክሬፕ ቤት በክሬፕ ቤት ናቸው፤ ክሬፕ ስስ ቂጣ ነው። ድሮ ሥራ ፍለጋ ከምዕራብ የመጡት ብረቶኖች እዚሁ ወርደው እዚሁ አካባቢ ሰፈሩ። የአገር ሰው የአገሩን ሰው ፈለገ። ምግብ ቤት ተከፈተ። ምግብ ቤቱም ሥራ መጠያየቂያ ሆነ። ዋሽንግተን የኖረ ሐበሻ ይህን ታሪክ ሳይነግሩት ይረዳዋል።

እኔን ያስነሳኝ እዚያው ብረታኝ ውስጥ በሎሪያን ከተማ የሚደረገው ፌስቲቫል ነው። የኬልት፣ ማለትም የጥንት የአውሮፓ ሕዝብ፣ ዝርያ ነን የሚሉ ሕዝቦች ለጭፈራ ብቻ ሳይሆን ለንግድም እንደሚገናኙበት ሰምቼ ነበር። ዝምድና ለነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? ይህን ለማየት ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ግን ሮስኮፍን ማየት ፈለግኩ።

ሮስኮፍ በግራጫ ድንጋይ የተሠራች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። የቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳ ላይ መርከቦች ተቀርጸዋል፤ ድሮም የነጋዴና የመርከበኛ አገር ነች። እዚያ የሽንኩርት ነጋዴዎቹን የ«ጆኒዎችን» ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም አለ፤ ሳታዩት እንዳትመለሱ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1828 ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንሪ ኦሊቪዬ የሚባል ወጣት ገበሬ ሽንኩርት ጭኖ ባሕሩን አቋርጦ ወደ እንግሊዟ ፕሊመዝ ተሻገረ። ሸጦ ተመለሰ። ጎረቤቶቹም ተከተሉት። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይሻገሩና የተጎነጎነውን ሮዝ ሽንኩርት መጀመሪያ በትከሻ፣ በኋላ ደግሞ በብስክሌት ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በ1929 ወደ 1,400 የሚጠጉ ጆኒዎች 9,000 ቶን ያህል ሽንኩርት አሻግረዋል። ሥራው ቀላል አልነበረም። በኅዳር 1905 ሒልዳ የተባለችው መርከብ ሰን ማሎ አጠገብ ስትሰጥም ከ70 በላይ ጆኒዎች አለቁ። ሸጠው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ጆኒዎቹ በብሪታንያ ምዕራብ ባለችው ዌልስ የነበራቸው ጉዳይ ነው። ብረቶንኛና ዌልሽኛ ዘመዳሞች ናቸው። ተናጋሪዎቹ እንደ ልብ ባይግባቡም ብዙ ቃል ይጋራሉ። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ዌልሽኛ የቀናቸው ጆኒዎች ነበሩ። ዌልስ ገጠር ውስጥ በር አንኳኩቶ በቤቱ ቋንቋ ሰላም የሚል ነጋዴ እንደ ባዕድ አይታይም። ዝምድናው በሩን አስከፈተ። በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ያስከፈተው ግን ያለፈው ዓመት ሽንኩርት ጥሩ መሆኑ ነው።

ወደ አዲሱ ወደብ ወረድኩ። ፌሪው ቆሟል። የዚህ መርከብ ድርጅት አመጣጥ ሁሌም ይገርመኛል። አሌክሲ ጉርቬኔክ የሚባል የገበሬዎች መሪ ነበር፤ በ1961 ገበሬ አሰልፎ ሞርሌ ከተማ የሚገኘውን የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የያዘ ሰው። ጥልቅ ወደብ ይሠራልን ብለው ታገሉ፤ ተሠራላቸው። መርከብ የሚያሠማራ ኩባንያ ግን ጠፋ። ገበሬዎቹ ታዲያ ራሳቸው አቋቋሙ። ብሪታኒ ፌሪስ ማለት ይህ ነው። ብሪታንያ የአውሮፓን የጋራ ገበያ በተቀላቀለች ማግስት፣ ጥር 2 ቀን 1973፣ ኬሪስኔል የተባለችው መርከብ ወደ ፕሊመዝ ተነሳች። ዓላማዋ አበባ ጎመንና አርቲቾክ የጫኑ መኪናዎችን ማሻገር ነበር። በ1978 ደግሞ መስመሩ አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ደረሰ።

ከዚያ ሎሪያን። ፌስቲቫሉ ከ1971 ጀምሮ በነሐሴ ይካሄዳል፤ ዐሥር ቀን ያህል ይቆያል። ብረታኝ፣ አየርላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ ኮርንዎል፣ የማን ደሴት፣ ከስፔን ደግሞ ጋሊሺያና አስቱሪያስ ድንኳን ይተክላሉ። ሰልፉን አልተርክም፤ መታየት ያለበት ነገር ነው። እኔ የዋልኩት ድንኳኖቹ ውስጥ ነው።

አስቱሪያስ ድንኳን ውስጥ አስተናጋጁ የሲደሩን (ከፖም የሚጠመቅ መጠጥ ነው) ጠርሙስ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይቀዳል። አጠገቤ ሁለት ሲደር ጠማቂዎች ቁጭ ብለዋል፤ አንዱ ከብረታኝ፣ አንዱ ከዚያው ከአስቱሪያስ። ለረጅም ጊዜ ያወሩት ስለ ከረጢት ዋሽንት ነው፤ የማን አገሩ ይሻላል እያሉ። ከዚያ ሳይታወቃቸው ወሬው ወደ ጠርሙስ ዋጋ ዞረ። ከዚያ ወደ ጭነት። አንዱ ባዶ የሚመለስ መኪና አለው፤ ሌላው የሚጫን ዕቃ። ስልክ ተለዋወጡ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማያውቁት ሰው በኢሜይል ብትልኩ መልስ የሚሰጣችሁ የለም።

ጋሊሺያና አስቱሪያስ ውስጥ ዛሬ የኬልት ቋንቋ አይነገርም። «እነሱ ምን ኬልት ናቸው?» የሚል ክርክር አለ። በእኔ ዓይን ክርክሩ ለምሁራን ይቆይ። በየዓመቱ የሚመጣ፣ ማዕድ የሚጋራ፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ዘመድ ሆኗል። ለንግድ የሚያስፈልገውም ይኼው መተማመን ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። በየድንኳኑ ስለ ሥራ ሲያወሩ ያየኋቸው ድርጅት ያላቸው፣ የተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ወጣቶቹ ዋሽንት ይነፋሉ፣ ሳህን ያመላልሳሉ፣ ይሄዳሉ። ከእነሱ ውስጥ ነገ ክሬፕ ቤት ወይም የሶፍትዌር ድርጅት ለመክፈት የሚያስብ አይጠፋም። የመጀመሪያውን ደንበኛ ፍለጋ በር የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። ከየድንኳኑ አንድ ጠረጴዛ ለእነሱ ይለቀቅ፤ ነባሮቹም ለአንድ ሰዓት መጥተው አብረዋቸው ይቀመጡ።