ዘይቱን ጠይቁ፦ የ14 ዓሣ ቤቶች ማስታወሻዬ

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «ቅዳሜ የት ነህ?» አለኝ። «ባህር ዳር» አልኩት። «አገር ቤት ገባህ እንዴ? ሳትነግረን!» ብሎ ጮኸ። ጣና መስሎት ነው። እኔ የማወራው ስለ ሰሜን ባህር ነበር። ከሊድስ ተነስቶ ወደ ዊትቢ የሚሄደውን 840 ቁጥር አውቶብስ ይዤ፣ ሞርስ የሚባለውን ገላጣ ደጋ አቋርጬ፣ ዓሣና ድንች ልበላ።

ለሁለት ዓመት ያህል የያዝኩት ሙያ ይኸው ነው። የእንግሊዝን የባህር ዳርቻ ከተሞች እየዞርኩ ጥሩ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ እፈልጋለሁ። ትንሽ ደብተር አለኝ። እስካሁን 14 ቤት ገብቼ ጽፌያለሁ። ተመልሼ የምሄድባቸው ግን አራት ብቻ ናቸው። የቀሩት አሥሩ ያስተማሩኝን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። ያደግኩት ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዶ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዓይንህ እያየ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከነአጥንቱ፣ ከነጭራው፣ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ ከኋላ ቆሞ እንደ ሽማግሌ ያይሃል። ስለዚህ ዓሣ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሕጌም አንድ ነበር፦ ለውሃው በቀረበ ቁጥር ይጣፍጣል።

እዚህ አገር ያስበላኝ ይኸው ሕግ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ስካርብሮ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ፀሐይ ወጥቶ። ከአሸዋው ፊት ለፊት ያለውን፣ ትልቁን ፎቶ የሰቀለውን፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም የሚለውን ቤት መርጬ ገባሁ። ገና ገንዘቡን ሳልከፍል ዓሣው ተሰጠኝ። ፍጥነታቸውን አደነቅኩ! ለካ ዓሣው ቀድሞ ተጠብሶ መስታወት ውስጥ መብራት እየሞቀ የተቀመጠ ነው። ከአሥር ፓውንድ በላይ ከፍዬ ካርቶኑን ስከፍት ሊጡ እንደ ራሰ ጨርቅ ተጣጥፎ ጠበቀኝ። ውስጡ ደግሞ ገና ያልበሰለ ቡሆ ይመስል ነበር። ግማሹን እንኳን ሳልበላ አንድ የባህር ወፍ ከኋላዬ መጥታ ከእጄ ላይ ነጥቃው ሄደች። አባ ኮዳ ቢያንስ ተራውን ይጠብቃል።

በኋላ ሳነብና ስጠይቅ አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ያለው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ከሚታየው ባህር የወጣ አይደለም። ኮድና ሃዶክ የሚባሉት ሁለቱ ዋና ዓሣዎች በብዛት የሚመጡት ከኖርዌይ፣ ከአይስላንድና ከዚያ በላይ ካለው ከባሬንትስ ባህር ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ዓሣውን እንደያዙ እዚያው መርከቡ ላይ በሰዓታት ውስጥ ቆራርጠው አጥንቱን አውጥተው ያቀዘቅዙታል። ድሮ የእንግሊዝ መርከቦች አይስላንድ ድረስ እየሄዱ ያጠምዱ ነበር፤ «የኮድ ጦርነት» የሚሉት ግጭት እ.ኤ.አ. በ1976 በአይስላንድ አሸናፊነት ሲያልቅ ከዚያ ውሃ ወጡ። ዛሬ ዊትቢ ወይም ብሪድሊንግተን ወደብ ላይ ቆማችሁ የምታዩዋቸው ትንንሽ ጀልባዎች በብዛት የሚያወጡት ሸርጣንና ሎብስተር ነው።

ይህን ሳውቅ መጀመሪያ የተታለልኩ መሰለኝ። አሁን ግን ግድ የለኝም። መርከብ ላይ ወዲያው የቀዘቀዘ ዓሣ፣ በረዶ ላይ ተኝቶ ሦስት ቀን ከተጓዘው «ትኩስ» ይሻላል። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ የባህሩ ቅርበት ስለ ሱቁ ምንም አይነግራችሁም። የኪራዩን ውድነት ካልሆነ በቀር።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ።

እንደ ብዙዎቻችሁ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ ሰው ሁሉ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። እኔ ከሁዳዴ ውጭ እበላለሁ። እንዲያውም ይህን ሙያ የጀመርኩት በጾም የምበላው ምግብ አገኘሁ ብዬ ነው። እና አንድ ዓርብ፣ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር በሚባለው ክልል ውስጥ አንዲት የባህር ከተማ ላይ፣ በሕይወቴ ምርጡን ዓሣ በላሁ። ሊጡ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ድንቹ ከውጭ ጠንካራ፣ ከውስጥ ለስላሳ ነው። ሳህኑን ጠርጌ፣ ጣቴን ልሼ፣ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የበሬ ሥዕል አየሁ። ከሥሩ «በእውነተኛ የበሬ ሞራ የተጠበሰ» ይላል። በኩራት! በትልልቅ ፊደል!

እናቴ ጋ ደወልኩ። ሳቀች። «ሳታውቅ ነው ልጄ፤ ለአባ ንገራቸው። ሁለተኛ ግን ከመብላትህ በፊት ጠይቅ» አለች። ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው ይኸው የእሷ ቃል ነው።

ነገሩ የአንድ ሱቅ አይደለም። ዮርክሻየርና አካባቢው በሞራ መጥበስ የቆየ ልማድ ነው፤ ከሞራ ውጭ የተጠበሰውን ዓሣ ዓሣ አይሉትም። ወደ ደቡብ ስትወርዱ የአትክልት ዘይት ይበዛል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው እኛ በደንብ የምናውቀው ፓልም ነው። ስለዚህ የምትጾሙም፣ ሐላል የምትበሉም፣ ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊት «በምንድን ነው የምትጠብሱት?» በሉ። ማንም አይቀየማችሁም። የዮርክሻየር ሴትዮዎች «ላቭ» (ፍቅሬ እንደማለት ነው) እያሉ በደስታ ያስረዷችኋል። ድንቹም በዚያው ዘይት ስለሚጠበስ «ድንች ብቻ ልብላ» ማለት መፍትሔ አይደለም። አንዳንድ ቤት ለብቻው የአትክልት ዘይት ያለው መጥበሻ አለው፤ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም። ሊጡ ብዙ ጊዜ ዱቄትና ውሃ ነው፣ ቢራ የሚጨምሩም አሉ። ታርታር የሚሉት ነጩ ማባያ ግን ማዮኔዝ ነው፤ ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል።

የሚገርመኝ የምግቡ ታሪክ ነው። ዓሣን በሊጥ ለውሶ በዘይት መጥበስን እንግሊዝ ያመጡት ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው ይባላል። በሰንበት እሳት ስለማይነድ ዓርብ ጠብሰው ቅዳሜ ቀዝቃዛውን ይበሉት ነበር። ከድንች ጋር አጋብቶ ከሸጡት መጀመሪያዎቹ አንዱ የሚባለው ጆሴፍ ማሊንም እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ለንደን ምሥራቅ ሱቅ የከፈተ አይሁዳዊ ነው። (ላንካሻየሮች ግን «የእኛው ጆን ሊስ ይቀድማል» ብለው እስከ ዛሬ ይሟገታሉ።) በዚያ ላይ ክርስቲያኑ ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ ዓርብ የዓሣ ቀን ሆነ። እስከ ዛሬም ረጅሙ ሰልፍ የዓርብ ማታ ነው። ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ ያሳደገውን ምግብ ዮርክሻየር ወስዶ በበሬ ሞራ ጠበሰው።

እውነቱን ልናገር? በፍስክ ቀን ሞራው ይበልጣል። በደንብ ይግላል፣ ሊጡን ያደርቃል፣ የራሱም ጣዕም አለው። ረቡዕና ዓርብ የዘይት፣ ቅዳሜ የሞራ ቤት አለኝ።

ከአምስተኛው ቤት በኋላ ዓይኔ መከፈት ጀመረ። አሁን በር ላይ ቆሜ የማየው መጀመሪያ መጥበሻውን ነው። ካዘዝኩ በኋላ ዓሣው ሊጥ ውስጥ ሲነከር ካየሁ እገባለሁ። «አምስት ደቂቃ ትጠብቃለህ?» ከተባልኩ ደስ ይለኛል፤ የምሥራች ነው። አሮጌ ዘይት ደግሞ ከመንገድ ማዶ ይሸታል፤ ልብስህ ላይ ተጣብቆ ቤትህ ድረስ ይከተልሃል። ሰልፍ ብቻውን ምልክት አይሆንም። የሻንጣና የአሸዋ ባልዲ ሰልፍ አለ፤ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ሰልፍ አለ። ሁለተኛውን ተከተሉ። የሚቆም ሰው ካለ ዘይቱም ዓሣውም አይቆይም።

ድንቹ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ሰኔ ላይ አንድ የምወደው ቤት ሄጄ ድንቹ ጠቁሮ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ብሎ አገኘሁት። ተበላሽተዋል ብዬ ደብተሬ ላይ ልሰርዛቸው ነበር። ጠባሹን ስጠይቀው ግን ሳቀና አስረዳኝ። ድንች ብርድ ውስጥ ሲከርም ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳር ያለው ድንች ዘይት ሲነካው ቶሎ ይጠቁራል። ሰኔ ያለፈው ዓመት ምርት ያረጀበት፣ አዲሱም ገና የደረሰበት ወር ነው። «ነሐሴ ተመለስ» አለኝ። ተመለስኩ፤ ወርቅ መስሎ ጠበቀኝ። ድንቹ ማሪስ ፓይፐር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ብዙዎቹ በእሱ ይምላሉ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጉብኝት ማንንም አልፈርድም።

ስለ ሁለቱ ዓሣዎችም ትንሽ። ዮርክሻየርና ስኮትላንድ ሃዶክ ይበላሉ፣ ደቡቡ ኮድ። ኮድ ወፍራም ሆኖ በትልልቁ ይገነጠላል። ሃዶክ ቀጠን ይላል፣ ጣዕሙ ግን ይበልጣል፤ እኔ የሃዶክ ወገን ነኝ። ሃዶክን ሳይጠበስ ካያችሁት ትከሻው ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። የቅዱስ ጴጥሮስ ጣት አሻራ ነው ይላሉ፤ የግብሩን ሳንቲም ከአፉ ሲያወጣ የያዘው ቦታ። ሃዶክ ገሊላ ሐይቅ ውስጥ አይኖርም፣ የባህር ዓሣ ነው። ወሬው ግን ያምራል።

ዊትቢ ስትሄዱ ሁሉም ማግፓይ ካፌን ያሳያችኋል፤ ወደቡ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ቤት። እ.ኤ.አ. በ2017 ተቃጥሎ ነበር፣ እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ መንገድ ላይ ይደርሳል። አንዴ ቆሞ ማየት ነው። የእኔ ቁጥር አንድ ግን ከወደቡ ወደ ላይ፣ ባህሩ ጭራሽ በማይታይበት ሰፈር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ስሟን አልነግራችሁም። ሰልፉ እንዲረዝምብኝ አልፈልግም።

ስኮትላንድ አንስትራዘር ድረስም ሄጃለሁ። ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ወደቡ ላይ ያለው አንስትራዘር ፊሽ ባር በአንድ ወቅት የአገሪቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመ ነው። እዚያ ከነድንቹ ሲሆን «ፊሽ ሰፐር» ነው የሚባለው፤ ሰፐር እራት ማለት ነው፤ ለቁርስም ብትበሉት ሰፐር ነው። ስመለስ ኤዲንብራ ላይ በአቼቶ ፋንታ ቡናማ ቀጭን ሶስ አፈሰሱልኝ። አልወደድኩትም። ኤዲንብራዎች እንዳይሰሙኝ።

ስለ አቼቶ ካነሳሁ፦ ከገብስ ብቅል የሚሠራው እውነተኛው ደስ የሚል ሽታ አለው፤ ጠላ ቤት ያስታውሳችኋል። ብዙ ሱቅ የሚያስቀምጠው ግን ቀለም የገባበት አሲድና ውሃ ነው። ጠርሙሱን አንብቡ። የላመውን አተር ግን አትዝለሉት። ቀለሙ ያስፈራል፣ ጣዕሙ ግን ቅመም ያልገባበት የአተር አልጫ ነው። ዮርክሻየር ላይ ደግሞ «ስክራፕስ» በሉ፤ ከሊጡ ተርፎ ዘይት ውስጥ የተጠበሰውን ፍርፋሪ ብዙ ቦታ በነፃ ይጨምሩላችኋል።

ይዛችሁ ልትሄዱ ከሆነ ካርቶኑን አትክደኑ፤ የራሱ እንፋሎት ሊጡን ያረጥበዋል። ወረቀት ይሻላል። ድሮ እንደኛ ቆሎ በጋዜጣ ነበር የሚጠቀለለው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው የቀረው።

አሁን ኪሴ ውስጥ ትንሽ የአዋዜ ብልቃጥ ይዤ ነው የምሄደው። ያቺ ስሟን ያልነገርኳችሁ ሱቅ ውስጥ ጠባሿ አየችና «ያ ምንድን ነው፣ ላቭ?» አለችኝ። ድንች ነክሬ ሰጠኋት። ፊቷ ቀላ፣ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ ሌላ ድንች አነሳች። ሁለተኛ ስሄድ «ቀዩን ይዘሃል?» አለችኝ።

ቀጣዩ ጉዞ ወደ ደቡብ ነው፣ ሄስቲንግስ። እዚያ ጀልባዎቹ እስካሁን ከጠጠሩ ላይ ተገፍተው ነው ባህር የሚገቡት፤ ስለዚህ እውነት ከፊት ለፊት የወጣ ዓሣ ሊኖር ይችላል። ዓርብ ቀን ነው የምደርሰው። በአትክልት ዘይት የሚጠብስ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ዌልስና ኮርንዎል ያላችሁም እንደዚሁ፤ ደብተሩ ገና ብዙ ገጽ አለው።